ትሉን ፈጭተው ስሙን ይጠይቁታል

በእኛ ጊዜ ትል ክብር ነበረው። ከንፈሩ ሳይታይ፣ ጅራቱ ሳይለካ ስም አይወጣለትም። ዛሬ ግን የአፈሩን ትል ከነቤተሰቡ፣ ከነጎረቤቱ፣ ከነደመኛው ሰብስበው አንዲት ብልቃጥ ውስጥ ይከቱታል፤ ጥቃቅን ዶቃ ይጨምሩበትና በሚንቀጠቀጥ ማሽን ድቅቅ እስኪል ይፈጩታል። ከፈጩት በኋላ፣ ጉድ በሉ፣ "ለመሆኑ ማን ነበርክ?" ብለው ይጠይቁታል። ደግሞ መልስ ይሰጣቸዋል! እኔን የሚያበሳጨኝ መጠየቃቸው ሳይሆን የትሉ መመለስ ነው። እኛ ስንት ዘመን ዓይናችን እስኪፈስ ስንለምነው አንዳች ነገር ሳይተነፍስ ኖሮ።

የማወራው ስለ ኔማቶድ ነው፤ አፈር ውስጥ ስለሚኖረው፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነው ክር መሳይ ትል። የጡረታ ደብተሬ ላይ "የላብራቶሪ ቴክኒሺያን" ይላል እንጂ ሥራዬ ትል ቆጠራ ነበር። ባለቤቴን ላገባ ሽማግሌ ስልክ "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ተብለው ሲጠየቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የመንግሥት ሠራተኛ ነው" ብለው አለፉት። ብልህ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ስለ ቁጥር ሲወራ ታዲያ አርፌ አልቀመጥም። 2019 ላይ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ የዚህ ሙያ ወረቀት ሁሉ በዚያ ነው የሚጻፈው) ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 6,759 የአፈር ናሙናዎች ውጤት ተጠናቅሮ ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። በምድራችን የላይኛው አፈር ውስጥ ስንት ኔማቶድ አለ? 44 ጻፉና ከኋላው 19 ዜሮ ደርድሩ። ሁሉም ሚዛን ላይ ቢወጡ 300 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይመዝናሉ። በየብስ ላይ ካሉ አምስት እንስሳት አራቱ ኔማቶድ ናቸው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 38 በመቶው በሰሜኑ ቀዝቃዛ ደንና በረዷማ ሜዳ ይኖራል፤ ብርዱን እንዴት እንደቻሉት እነሱ ይወቁ። አሁን ልጠይቃችሁ፦ ይህን ሁሉ ማን ቆጠረው? ማሽን እንዳትሉኝ! ሒሳቡ የቆመው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው አንድ በአንድ በዓይናቸው በቆጠሩ ሰዎች ሥራ ላይ ነው። ወገብ የሚቀጨው እዚህ ላይ ነው። ለወገብ ደግሞ የሚሰጥ ሽልማት የለም።

ሽልማት ካነሣን አይቀር አንድ የሆዴን ልናገር። ኬኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ የምትባል ትል አለች። የዓለም ላብራቶሪ ሁሉ የሚያሞላቅቃት እሷን ነው። 302 የነርቭ ሴሎቿ አንድ ሳይቀር ተቆጥረዋል፤ 1998 ላይ ከእንስሳት ሁሉ ቀድማ ሙሉ ዲኤንኤዋ ተነበበላት፤ በ2002፣ በ2006፣ በ2008 እና በ2024 የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሰዎች የሠሩት በእሷ ላይ ነው። "ዝነኛዋ የአፈር ትል" ይሏታል። የትኛው አፈር? መኖሪያዋን ፈልገው ሲሄዱ እኮ በብዛት የተገኘችው የበሰበሰ ፍራፍሬና የበሰበሰ ግንድ ላይ ነው! አፈር ውስጥ ተወልዶ አፈር ውስጥ የሚሞተው፣ የገበሬውን ማሳ ቀን ከሌት የሚያገለግለው ኔማቶድ ግን ስሙን የሚያውቀው ሰው የለም። ይኼም ያው የዓለም ነገር ነው።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ትልን ከአፈር የምናወጣበት ዘዴ የጉስታቭ ቤርማን ነው። ቤርማን በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው አገር ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። ሰው አንጀት ውስጥ ገብቶ ደም የሚመጠውን የመንጠቆ ትል ዕጭ አፈር ውስጥ ለማግኘት ብሎ 1917 ላይ ያወጣት ዘዴ እስከ ዛሬ አልተሻረችም። ፈነል ታቆማለህ፤ ከሥሩ የጎማ ቱቦ ታስገባና በመቆንጠጫ ትዘጋለህ፤ ውሃ ትሞላለህ፤ አፉ ላይ ወንፊት አስቀምጠህ በስስ ጨርቅ ወይም በሶፍት ላይ አፈሩን ታሳርፋለህ። ከዚያ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ሕይወት ያለው ትል እየተንፈራገጠ በጨርቁ ያልፋል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ ላይ መዋኘት ስለማይችል ቁልቁል ይሰምጥና ቱቦው ሥር ይጠራቀማል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ መቆንጠጫውን ከፈት ስታደርግ በገዛ እግሩ፣ እግር ባይኖረውም፣ መጥቶ እጅህ ይገባል። መብራት አይፈልግ፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግ። ቢሰበር ከመርካቶ ሌላ ፈነል ይገዛል።

ከዚያ በኋላ ነው ደስታው። ማይክሮስኮፑ ሥር ስታደርገው መጀመሪያ የምታየው አፉን ነው። ኔማቶድ ሥራውን አፉ ላይ ጽፎ የሚዞር ፍጡር ነው። አፉ ባዶ ቱቦ ከሆነ ባክቴሪያ እየጠጣ የሚኖር ነው። ቀጭን መርፌ ካለው የፈንገስ ክር ወግቶ የሚመጥ ይሆናል። ጠንካራና ጉልህ መርፌ ከሆነ ጠርጥረው፣ የተክል ሥር ሌባ ነው። ሰፊ ጉሮሮና ጥርስ ካየህ ደግሞ አዳኝ ነው፤ ወንድሞቹን የሚበላ። 1993 ላይ ኒውዚላንዳዊው ግሬጎር ዬትስና ባልደረቦቹ ይህን የአመጋገብ ነገር በስምንት መደብ ከፋፍለው አስቀምጠውልናል። ከእሱ በፊት በ1990 ሆላንዳዊው ቶም ቦንገርስ ኔማቶዶችን ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ሰጥቷቸው ነበር። አንድ ላይ ያሉት ፍግ በተደፋበት፣ አንድ ነገር በበሰበሰበት ሁሉ በጥቂት ቀን ተፈልፍለው የሚሞሉ ቸኩሎች ናቸው። አምስት ላይ ያሉት ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ ጥቂት የሚወልዱ፣ አፈሩ ሲታረስ፣ ሲመረዝ ወይም ሲረበሽ ቀድመው የሚጠፉ ጨዋዎች። የሁለቱን ሚዛን አይተህ መሬቱ ዕረፍት ላይ ይሁን መከራ ላይ መናገር ትችላለህ። ከየናሙናው መቶ፣ መቶ ሃምሳ ትል እየለየን የምናጎነብሰው ለዚህ ነበር። ትልን ብቻውን የሚያጠና ሰው የለም፤ የሚነበበው አፈሩ ነው።

ይህን እያነበብን ተቀምጠን ሳለ ነው ሞለኪውል (ዲኤንኤ ማንበቡ) የመጣብን።

መጀመሪያ የመጣው ዘር ቆጥሮ ነው። 1998 ላይ ማርክ ብላክስተር የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር የ53 ኔማቶዶችን አንድ ጂን አነበበ። በሁሉም ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ ያለ፣ ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞም የሚያንጽ ጂን ነው። ውጤቱን ደርድሮ ኔማቶድን በሙሉ በአምስት ጎሳ ከፈለው። እኛ መርፌያቸውን አይተን "እነዚህ ወንድማማች ናቸው" ያልናቸው ሥር ወጊዎች የአንድ አባት ልጆች አይደሉም ተባለ፤ የተክል ጥገኝነት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ የእንስሳ ጥገኝነት ደግሞ ቢያንስ አራት ጊዜ ለየብቻ የተፈጠረ ነው አሉ። ስንት ዓመት በፍቅር አንድ መሳቢያ ውስጥ ያኖርናቸው ትሎች ባዕድ ለባዕድ ሆነው ቀሩ። ለብላክስተር ትዕዛዝ መሳቢያ የሚያስተካክለው ማን ነው? ቴክኒሺያኑ!

አሁን ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን ይህን ሁሉ እንደ ብሥራት ነው የምታወራው። ከጌንት ተምራ የመጣች ናት። ጌንት ቤልጂየም ውስጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በኔማቶድ ብቻ ማስተርስ የሚሰጥ በመሆኑ ከእኛም አገር ብዙ ልጆች ሄደው ተምረውበታል። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሰው ታከብራለች። ስሄድ ብድግ ብላ "ጋሼ፣ ይቀመጡ" ትለኛለች፤ የምትጋብዘኝ የገዛ ወንበሬን መሆኑን ግን አታስበውም።

"ጋሼ፣ ዕጩን እንዴት ትለዩት ነበር?" አለችኝ አንድ ቀን፣ ነገር ፍለጋ።

ይኼን ጥያቄ የሙያው ሰው ሁሉ ይፈራዋል። አፈር ውስጥ የምታገኘው ትል አብዛኛው ገና ያልጎለመሰ ነው። የምንለይበት ምልክት፣ የወንዱ ብልት፣ የሴቷ ማሕፀን፣ የጅራቱ ቅርጽ፣ የሚወጣው ሲያድግ ነው። ዕጩ ለዓይን ሁሉም አንድ ነው። ጂኑ ግን ያው ነው፤ ዕንቁላልም ሆነ ሽማግሌ አይለወጥም።

"እስኪያድግ እንጠብቀዋለን" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሌላ መልስ ስላልነበረኝ ብቻ።

እሷ አዘውትራ የምታነሣው አንድ ሥራ አለ። 2002 ላይ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ደጋ ላይ ያለ የግጦሽ መሬት ተመርጦ የተሠራ ነው። ትሉን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ከየአንዳንዱ 450 ያህል የጂን ፊደል አነበቡ። 99.5 በመቶና ከዚያ በላይ የሚመሳሰሉትን አንድ መደብ አደረጓቸው። ላብራቶሪ ውስጥ በሳህን ካረቧቸው 166 ትሎች የተገኘው አምስት መደብ ብቻ ሆነ። ሳይመርጡ ከአፈሩ በቀጥታ ካነሷቸው 74 ትሎች ግን 19 መደብ ወጣ! ይኼንንስ ልናገረው፦ በሳህን ላይ የሚረባውን ብቻ እያየህ "አፈሩ ውስጥ ያለው ይኼ ነው" ማለት እንደማይቻል ይህን ያህል አፍ የሚያስይዝ ማስረጃ አላየሁም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ደግሞ የእኛው እዩዓለም አበበ ነው። እዩዓለም ከቤልጂየማዊው ከአውጉስት ኩማንስ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ውሃዎች ኔማቶዶች በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ሥሎና ለክቶ የጻፈ ሰው ነው፤ 2006 ላይ ስለ ጨው አልባ ውሃ ኔማቶዶች የወጣውን ትልቅ መጽሐፍ ካዘጋጁት ሦስት ሰዎችም አንዱ ነው። ልጅቷ የዲኤንኤውን ወረቀት ስታሳየኝ እኔ የሥዕሉን አሳየኋት። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊያውቅ እንደሚችል በዚያን ቀን ተማረች።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ለእነዚያ መደቦች የሰጧቸው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ምን ይበላል? ቁጥር ነው። ይነክሳል ወይስ አይነክስም? ቁጥር ነው። የእስር ቤት አሠራር እኮ ነው!

ኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። አንድ በአንድ መልቀሙ ሰለቻቸውና ጅምላ መፍጨት ጀመሩ። የፈጩትን ፒሲአር የሚባለው ማሽን ውስጥ ይከቱታል። እዚህ ላይ የምትገርም ነገር አለች። የዲኤንኤውን ቅጂ የሚያባዛው ኤንዛይም መጀመሪያ የተገኘው አሜሪካ የሎውስቶን በሚባል ፓርክ፣ ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ለዚህም ነው ማሽኑ 95 ዲግሪ ሲደርስ ንቅንቅ የማይለው። በፈላ ውሃ ያደገ ፍጡር ውላጅ ነው እንግዲህ። ታዲያ ይኼ ጉደኛ እኛ ዘንድ ሲመጣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ካልተቀመጠ ይበላሻል ይሉሃል! መብራት በሄደ ቁጥር ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ሽብር ለሰርግ በሬ ታርዶ ዝናብ የመጣ ያስመስለዋል። አንዱ ጄኔሬተር ሊያስነሣ ይሮጣል፣ አንዷ በረዶ ትፈልጋለች፣ አንዱ መብራት ኃይል ይደውላል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ፈነሎቼን አያለሁ። ጠብ፣ ጠብ ይላሉ፤ መብራት መሄዱንም አልሰሙ።

ቀጥሎ ስለ ቆጠራው። 2009 ላይ ዶሮታ ፖራዚንስካ የምትባል ሴትና ባልደረቦቿ ጨዋ ሥራ ሠርተዋል። የታወቁ 41 የኔማቶድ ዝርያዎችን በሚያውቁት ቁጥር ቀላቅለው፣ በጅምላ የሚያነብ ማሽን ምን እንደሚል ፈተኑት። በአንድ የጂን ክፍል ከዝርያዎቹ እስከ 90 በመቶ፣ ሁለት ክፍል ሲጠቀሙ ደግሞ 97 በመቶ ያህሉን አገኘ። እሰይ፣ ደግ ነው። የትኛው ዝርያ ስንት እንደነበረ ሲጠየቅ ግን ማሽኑ ቀባጠረ። የተነበበው ፊደል ብዛትና የትሉ ብዛት አልገጠመም። ሳይደብቁ ጻፉት፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ለምን አይገጥምም? ምጥን ሽሮ ታውቃላችሁ፤ አተሩ፣ ሽምብራው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው አብሮ ተፈጭቷል። ምላስ ያለው ሰው ቀምሶ "ኮረሪማ አለበት" ይላል፤ ስንት ፍሬ እንደገባ ግን የወፍጮው ባለቤትም አይነግራችሁ። ትሉም ሲፈጭ እንዲሁ ነው። አንድ ወፍራም አዳኝ በሰውነቱ የሚይዘው ዲኤንኤ ብዙ ቀጫጭን ባክቴሪያ በሎችን ይሸፍናል። ያ የራይቦዞም ጂን ራሱ በአንዱ ዝርያ ሴል ውስጥ በብዙ ቅጂ፣ በሌላው በጥቂት ቅጂ ይቀመጣል። ማባዛቱን የሚያስጀምሩት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ደግሞ ለአንዱ ዝርያ ያደላሉ፣ ሌላውን ይዘሉታል። ማሽኑ የሚቆጥረው ራስ ሳይሆን ሥጋ ነው። ቦንገርስ ከአንድ እስከ አምስት ብሎ የሠራው ሚዛን ግን የሚጠይቀው ራስ ነው። እኔ ጣቴ ላይ ያለችው መቁጠሪያ ቀጭ ባለች ቁጥር አንድ ትል ማለት ነበር፤ ግማሽ የለ፣ ተኩል የለ።

ለዚያውስ የሚፈጩት አፈር ስንት ነው? የተለመደው የዲኤንኤ ማውጫ ኪት የሚቀበለው ሩብ ግራም አፈር ነው። ሩብ ግራም! እኔ ፈነል ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ ግራም ስከምር "አይበቃም፣ ሌላ ቦታም ቆፍር" እያሉ ይጮሁብኝ ነበር። በሩብ ግራም ውስጥ ትል ቢገኝም ባይገኝም ዕድል ነው፤ ባክቴሪያ ፈላጊ ይስማማው ይሆናል። ደግሞ አፈር ሙታንን አይረሳም፤ የሞተው ትል ዲኤንኤ እዚያው ተጣብቆ ይቆያልና ማሽኑ ሙታኑንም ከሕያዋን ጋር አሰልፎ ይቆጥራል። በዚህ ላይ የጥቁር አፈሩ ብስባሽ አሲድ አብሮ ይወጣና ፒሲአሩን ያንቀዋል።

እና መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ጆሯችሁን ስጡኝ። "መጀመሪያ ትሉን ከአፈሩ ለዩት፣ ከዚያ ፍጩት" ተባለ። በምን ይለያል? በቤርማን ፈነል! ልጅቷ ይህን ስታነብልኝ "እስቲ ድገሚው" አልኳት። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜም አስደገምኳት። በትንሽ ቦርሳ የሚያዝ፣ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ዲኤንኤ የሚያነብ የኦክስፎርድ መሣሪያ በወጣበት ዘመን፣ በጎማ ቱቦና በመቆንጠጫ የሚሠራው የ1917ቱ ፈነል ከጎኑ ቆሞ ያጎርሰዋል።

አሁን ደግሞ ሞለኪውል ውለታ የዋለበትን ልናገር፤ ሽማግሌ ቢያማርርም አያዳላም። ሥር ላይ እባጭ የምታወጣ፣ ቲማቲምን የምታጨነግፍ ሜሎይዶጋይኒ የምትባል ወገን አለች። ስምጥ ሸለቆ ቲማቲም የሚያመርት ሰው በስም ባያውቃት በሥራዋ ያውቃታል። ይህችን ዝርያ በዝርያ የምንለየው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የሴቷን መቀመጫ በምላጭ ቆርጠን፣ በዙሪያው ያለውን መስመር አይተን ነው። የተከበረ ሰው ጡረታ እስኪወጣ የትል መቀመጫ ሲያይ ኖረ ብላችሁ ሳቁ፤ ሳቁ፣ ግዴለም። ታዲያ 1968 ላይ ዋይትሄድ የሚባል ሰው ከታንዛኒያ የተገኘችውን አንዷን "ሜሎይዶጋይኒ ኢትዮፒካ" ብሎ ሰየማት። ታንዛኒያ ተገኝታ የእኛን ስም ተሸክማ ዞረች! ኋላም 2003 ላይ ስሎቬኒያ ውስጥ ቲማቲም የምታበላሽ ትል ስትገኝ "ኢትዮፒካ ናት" ተባለ። ግሪክ ተገኘች፣ ኢትዮፒካ። ቱርክ ተገኘች፣ ኢትዮፒካ። አውሮፓ ሁሉ የቲማቲሙን እዳ በእኛ ስም ጻፈው። መቀመጫቸው ስለሚመሳሰል ዓይን ሊለያቸው አልቻለም። በመጨረሻ ኤንዛይማቸውና ዲኤንኤያቸው ሲመረመር የአውሮፓዎቹ ሌላ ሆነው ተገኙ፦ 2014 ላይ ከብራዚል የተገለጸችው ሜሎይዶጋይኒ ሉሲ። ከእኛ ድንቅነሽ ጋር ዝምድና የላትም፣ አትጨነቁ። ስማችንን ከዚያ ክስ ያወጣው ሞለኪውሉ ነው። ልጅቷ ይህን ባወራችኝ ቀን ቡና አፍልቼ ጋብዣታለሁ።

ሌላም የሚያስደንቅ አላጣም። 2023 ላይ ሳይቤሪያ ከቀለጠ የዘመናት በረዶ ውስጥ የወጣ፣ 46,000 ዓመት ገደማ ቀዝቅዞ የቆየ ኔማቶድ ነቅቶ፣ ያለ ወንድ ወልዶ፣ ዲኤንኤው ተነብቦ አዲስ ዝርያ ተባለ። ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት የሚኖርም ተገኝቷል። እኛ ሜዳ ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር ቆፍረን ስንደክም።

የእውነት የሚቆረቁረኝን ልንገራችሁ። ማሽኑ ፊደል ካነበበ በኋላ ስም የሚያገኘው ከየት ነው? ከመዝገብ። ያነበበውን ዲኤንኤ በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ካለው ጋር ያመሳክርና "ይህን ይመስላል" ይላል። መዝገቡ ውስጥ ስሙን የጻፈው ማን ነው? ትሉን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ፣ አፉን አይቶ፣ ጅራቱን ለክቶ፣ እገሌ ነው ያለ ሰው። ያ ሰው ከተሳሳተ ማሽኑም አብሮ ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ተባዝቶ ወደ ሌሎች ወረቀቶች ይሄዳል። ያ ሰው ከሌለ ደግሞ ማሽኑ "ያልታወቀ ኔማቶድ" ብሎ ይጽፋል። እስካሁን ስም ያገኙት ዝርያዎች ከሠላሳ ሺህ አይበልጡም፤ ያልተሰየመው እስከ ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል የሚሉ አሉ። የእንሰትን ሥር የሚበላውን ፕራቲለንከስ ጉዴይን የሚያውቁ አሉ፤ ከጎኑ ያሉትን፣ እንሰቱን የማይነኩትን፣ አፈሩን የሚያገለግሉትን ግን ማን አያቸው? የእኛ አገር አፈር ሲነበብ "ያልታወቀ" የሚለው መስመር ቢረዝም የማሽኑ ጥፋት አይደለም።

ስም የሚሰጡት ሰዎች ደግሞ እያለቁ ነው። አንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዱ ዓይኑን ሞራ ጋረደው፣ አንዱ ይህን ዓለም ተሰናበተ። በእነሱ ቦታ የሚቀጠረው ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ማወቁ ክፉ አይደለም። ትል አይቶ የማያውቅ የትል ሊቅ ሲሆን ግን፣ ይቅር በሉኝ፣ ያንገሸግሸኛል። ስኮትላንዶቹ 74 ትሎችን አንድ በአንድ ነው የለቀሙት፤ ፖራዚንስካም 41ዱን ዝርያ አውቃ ነው የቀላቀለችው። ዛሬ የእነሱን ወረቀት የሚጠቅሰው ልጅ ግን ይህን የጻፉበትን ገጽ ዘሎ ነው የሚያነበው።

ጠርሙሶቼን በሚመለከት ከልጅቷ ጋር ተጣልተናል። መደርደሪያው ላይ ዕድሜ ልኬን በፎርማሊን ያስቀመጥኳቸው ትሎች ነበሩ። "ጋሼ፣ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሸዋል፤ ለእኛ አይሆኑም፣ ቦታም ይዘዋል" አለችኝ። ቅርጹን ግን ደህና አድርጎ ይዞታል! እኔ በበኩሌ የእሷን ፍሪዘር ከፍቼ "ይኸው የእናንተ ደግሞ ጭማቂ ብቻ ነው፤ ይኼ ማን እንደሆነ ማን ይነግረኛል?" አልኳት። እሷ ቅርጽ የለሽ ዲኤንኤ፣ እኔ ዲኤንኤ የለሽ ቅርጽ ይዘን ተፋጠጥን። በኋላ ራሷ ናት ዴስ የሚባለውን ፈሳሽ ያመጣችው። ዲኤምኤስኦ፣ ኢዲቲኤ እና ውሃው መሸከም እስኪያቅተው ድረስ የተጨመረበት የገበታ ጨው ነው፤ ቅርጹንም ዲኤንኤውንም አብሮ እንደሚጠብቅ 2006 ላይ ተጽፎ ወጥቷል። ፍሪዘር አይፈልግም። መብራት ቢሄድ አይደነግጥም። እንዲህ ያለ ነገር ሲፈለሰፍ ለምን ቶሎ እንደማይነግሩኝ አላውቅም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ፍጩ፣ አልከለከልኳችሁም። ከመፍጨታችሁ በፊት ግን ከየናሙናው ጥቂት ትል ለቅማችሁ በዴስ አስቀምጡ፤ አፉንና ጅራቱን ፎቶ አንሡት፤ ሌላውን በዓይን ቁጠሩትና ቁጥሩን ከማሽኑ ውጤት ጎን ጻፉ። የምርምር ኃላፊዎችም፣ ለማሽን ግዢ ስትፈርሙ ማይክሮስኮፕ ላይ ለሚቀመጥ አንድ ወጣት ደመወዝ አብራችሁ ያዙ። ማስተማሩን እኔ በነጻ አስተምራለሁ፤ ዓይኔ ገና ደህና ነው፣ ጠዋት ጠዋትም ቤት አልጠፋም።